እናትሽን ያሳመማት ሐሳብሽ አይደለም

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 28 ነው። የምኖረው ባህር ዳር ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ልብስ መስፋት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ የራሴን ስፌት ቤት መክፈት እመኛለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ጓደኛዬ ስለ መሳብ ሕግ (አጥብቀሽ ያሰብሽው ነገር ወደ አንቺ ይመጣል ስለሚለው ትምህርት) የሚያወሩ ቪዲዮዎች በቴሌግራም ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ‹የራሴ ስፌት ቤት አለኝ፣ አመሰግናለሁ› እያልኩ 55 ጊዜ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ከተሳሳተብኝ ከመጀመሪያ እጀምራለሁ። እስካሁን የመጣ ነገር የለም። ጓደኛዬ ‹ጥርጣሬሽ ነው የያዘው› ትለኛለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታት፤ ቀኝ እጇ አሁንም አይታዘዝላትም። ከዚያ በፊት ለወራት ‹እማዬ አንድ ነገር ብትሆንስ?› እያልኩ እጨነቅ ነበር። ግፊት አለባት፤ መድኃኒቱንም አንዳንዴ ትተወው ነበር። ቪዲዮው ላይ ‹የፈራኸው ነገር ይመጣብሃል› ይላሉ። እኔ ስቤው ይሆን? ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ስለ ስፌት ቤቱ የምለው ብዙ አለ፤ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ይህን ያዥልኝ። እናትሽን ያሳመማት ሐሳብሽ አይደለም።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲዘጋ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሲፈነዳ ነው። ከመንስኤዎቹ ሁሉ ፊተኛው የደም ግፊት ነው። ግፊት የደም ሥርን ለዓመታት ቀስ እያለ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ምልክትም አይሰጥም። ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን የሚተወውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የልጅ ጭንቀት የሚገባበት በር የለም። አንቺ ማታ አልጋሽ ላይ ሆነሽ የፈራሽው ነገር ግድግዳ አልፎ ሄዶ የእናትሽን የደም ሥር አይነካም።

እስኪ ደግሞ ነገሩን ከፊቱ እዪው። ለምን ፈራሽ? ግፊት እንዳለባት ስለምታውቂ ነው። ኪኒኑ ሳይነካ ሲያድር በዓይንሽ ስላየሽ ነው። ፍርሃትሽ በሽታውን አላመጣውም፤ በሽታው ነው ፍርሃትሽን ያመጣው። ቪዲዮው ቅደም ተከተሉን ነው የገለበጠብሽ። በጣና በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አይተሽ ልብስ ከገመድ ላይ ብታወርጂ፣ ዝናቡን የጠራሽው አንቺ ነሽ?

በሥራዬ እንዲህ ያለ ጸጸት ደብቀው የሚኖሩ ሰዎች አገኛለሁ። ፅንስ የወረደባት ሴት «ፈርቼ ስለነበር ነው» ትላለች። ወንድሙ መኪና የተገለበጠበት ሰው «የዚያን ቀን ክፉ አስቤ ነበር» ይላል። ለማንም አይናገሩትም። ስለማይናገሩትም «አይደለም» የሚላቸው ሰው አያገኙም። አንቺ ስለጻፍሽው ደስ ብሎኛል።

ሌላም ልንገርሽ። ሐሳብ በሽታን ይወስናል ወይ የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር ተመርምሯል። ጄምስ ኮይን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 ያወጣው ጥናት አለ። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን 1,093 ሰዎች ተከታትለዋል። በስሜት ደህና የነበሩት ከተጨነቁት ይልቅ ረዥም ዕድሜ አልኖሩም። ልዩነት አልተገኘም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የታማሚው የራሱ ስሜት ዕድሜውን ካልወሰነ፣ የልጁ ስጋት እንዴት ይወስናል?

ይህ አስተሳሰብ በእኛ በሥነ ልቦና ሙያ ስም አለው። ሐሳብንና ድርጊትን ማደባለቅ እንለዋለን። ሁለት መልክ አለው። አንዱ «ካሰብኩት ይሆናል» ማለት ነው። ሌላው «ማሰቤ ራሱ እንደ ማድረግ ነው» ማለት ነው። ሮዝ ሻፍራን፣ ስታንሊ ራክማንና ባልደረባቸው በ1996 የዚህን መለኪያ አዘጋጅተዋል። ራክማን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1978 ከፓድማል ዴ ሲልቫ ጋር ያሳየው ነገርም ነበር፦ ጤነኛ ሰዎችም ያልፈለጉት፣ የሚያስደነግጥ ሐሳብ በድንገት ይመጣባቸዋል። አብዛኞቻችን ማለት ነው። አባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ «አሁን ስልኬን ብወረውረውስ?» ያላለ ስንት ሰው አለ? ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ሐሳቡ መጣ፣ ሄደ። ችግሩ የሚጀምረው ሐሳቡ ሲመጣ አይደለም፤ ሐሳቡን እንደ ወንጀል ወይም እንደ ትንቢት ስንቆጥረው ነው።

አሁን ጥያቄሽ ውስጥ በአንድ አረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር ላይ ቆም ልበል። «ቁጥሩ ከተሳሳተብኝ ከመጀመሪያ እጀምራለሁ» ብለሻል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 40 ላይ ደርሰሽ ሲምታታብሽ ገጹን ትተሽ አዲስ ገጽ ስትገልጪ ታየኝ። ምን ይሰማሻል ያን ጊዜ? ካልጨረስሽው ክፉ ነገር የሚመጣ ይመስልሻል? ሥራ አርፍደሽበት ታውቂያለሽ? ከመቁጠሩ ሌላ ደግመሽ ደጋግመሽ የምታረጋግጪው፣ የምትነኪው፣ በልብሽ የምትይው ነገር አለ? መልስሽ አዎ ከሆነ ይህ ጉዳይ ከበጎ አስተሳሰብ ወጥቷል። የማያቋርጥ አስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት የሚባል ሕመም አለ፤ ደህና አድርጎ የሚታከም ሕመም ነው። ባህር ዳር ውስጥ ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሄደሽ ይህንኑ የጻፍሽልኝን ንገሪያቸው። ሕመሙ አለብሽ ማለቴ አይደለም፤ በጽሑፍ ሆኖ ይህን መወሰን አይቻልም። ግን ችላ እንዳትዪው እፈልጋለሁ።

«ኔጋቲቭ አታስቢ» የሚለው ምክርም እዚህ ላይ ነው የሚጎዳሽ። ለአንድ ደቂቃ ስለ ጣና ጉማሬ አታስቢ ብልሽ ምን ይሆናል? ጉማሬው ከውሃው ብቅ ይላል፤ ጆሮውን ያራግባል። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1987 ይህንን በነጭ ድብ ሞክሮታል። ተማሪዎቹን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገራቸው፤ ካሰቡ ደወል እንዲነኩ። ደወሉ በተደጋጋሚ ጮኸ። ይባስ ብሎ፣ ከዚያ በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ፣ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት የበለጠ አሰቡ። ሐሳብን ማባረር ማለት እያሳደዱ መጥራት ነው። አንቺም «ስለ እማዬ ክፉ አላስብም» ባልሽ ቁጥር እየመጣብሽ የኖረው ለዚህ ነው። ቪዲዮዎቹ «ዩኒቨርስ» የሚሉት ዓለም ስለሰማሽ አይደለም።

ይህ ነገር እኛ አገር ቶሎ የሚገባንና የሚይዘን ለምን ይመስልሻል? ቤታችን ስለሚያውቀው ነው። ከቪዲዮው በፊት ማሟረት ነበረ። ልጅ ሆነን «ዛሬ እኮ እወድቃለሁ» ስንል «ኧረ አታሟርት!» ተብለናል። የበሽታው ስም እንዳይጠራ «ያ ክፉ በሽታ» ሲባል ሰምተናል። እናቴ ዝናብ ሲዘገይ «ዘንድሮ እንግዲህ...» ብሎ የሚጀምር ሰው ካለ «በጎ በጎውን አውሩ» ትል ነበር። ይህን አልንቀውም። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ቤት ውስጥ ድንጋጤ እንዳይነዛ የሚጠብቅ ወግ ነው። ለሰው ፊት የሚደረግ ደግነት ነው። ደግነቱ ሕግ ሲሆን ግን፣ ያውም ከማይታየው ዓለም የሚቀጣ ሕግ ሲሆን፣ የበሽታ ስም መጥራት ያስፈራል። ስሙ ካልተጠራ ደግሞ ግፊት አይለካም።

«ሕግ» የሚለው ቃልም ራሱ ያሳስታል፤ ከፊዚክስ የመጣ ይመስላል። አይደለም። ሥሩ የ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ነው። ሜይን በሚባለው ግዛት ፊንያስ ኩዊምቢ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። በሽታ የተሳሳተ እምነት ውጤት ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ሰዎችንም በንግግር ለመፈወስ ይሞክር ነበር። ሐሳቡ ከእሱ በኋላ ከጤና ወደ ገንዘብ ተሻገረ። ዊልያም ዎከር አትኪንሰን የሚባል ጸሐፊ በ1906 «የመሳብ ሕግ»ን በመጽሐፉ ርዕስ ላይ አወጣው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ አንድ ፊልምና መጽሐፍ ዓለሙን ሁሉ አዳረሱት። ማግኔትን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ የማግኔት ተመሳሳይ ጫፎች ግን ይገፋፋሉ እንጂ አይሳሳቡም።

ሕግ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም እኩል መሥራት አለበት። እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። ባለፉት ዓመታት ክልላችን ውስጥ ምን እንዳለፈ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃው መንገድ ላይ የቀረበት ነጋዴ አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የቆመበት ወጣት አለ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ አለ። እነዚህ ሁሉ ሐሳባቸው ጨለማ ስለነበረ ነው? ልጁ ምን ብሎ አስቦ ነው? ለሰው መከራ ተጠያቂው ሰውየው ራሱ ነው የሚል ትምህርት፣ በፈገግታ ቢነገርም ጭካኔ ነው። አንቺም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ጓደኛሽ ውሸታም ናት አልልም። ለእሷ ሠርቶላት ይሆናል፤ ቢያንስ የሠራ ይመስላታል። ለምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ስለ አንድ ሰው እያወራችሁ ሰውየው በር ላይ ከች ሲል «ዕድሜህ ረጅም ነው፤ አሁን እያነሳንህ ነበር» ትላላችሁ። ያ ቀን ይታወሳል። አንስታችሁት ያልመጣባቸውን መቶ ቀናት ግን ማንም አይቆጥርም። ዓይናችንም ያሰብነውን ይመርጣል። ስፌት በልብሽ ካለ ወደ ገበያ ስትሄዪ የምታዪው ሲንጀር የተደቀነበትን በረንዳ ሁሉ ነው። አብራሽ የምትሄደው ጓደኛሽ ጫማ ፈልጋ ከሆነ አንዱንም አላየችም። መንገዱ አልተለወጠም። ይህ ጥቅም የለውም አልልሽም፤ ያየሽው በረንዳ ላይ ገብተሽ «ኪራዩ ስንት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ያመጣው ግን ዓይንሽና አፍሽ ነው።

አሁን ወደ ስፌት ቤቱ።

አማርኛችን ይህን ከጥንት አውቆታል፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ጋብሪዬል ኤቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ላለፉት 30 እና ከዚያ በላይ ዓመታት የሰማይ ላሞችን ስታጠና ኖራለች ማለት ይቻላል። በ1991 ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን አጠናች። «እንዴት ቆንጆ ሆኜ እንደምታይ» እያሉ በምናብ የተደሰቱት ከሌሎቹ ያነሰ ቀነሱ። በ2002 ደግሞ ከባልደረባዋ ጋር ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ተከታትላ ጻፈች። ጥሩ ሥራ ይዘው ራሳቸውን በምናብ አብዝተው ያዩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያመለከቱትም፣ ያገኙትም፣ የሚከፈላቸውም ያነሰ ነበር። በ2011 ከሄዘር ካፔስ ጋር ምክንያቱን ፈለገች። ያማረ ምናብ ሰውነትን ያዝናናል። የደም ግፊት እንኳ ትንሽ ወረድ ይላል፤ ጉልበት ይቀንሳል። አእምሮ ነገሩን እንዳገኘው ቆጥሮ ያርፋል።

አንቺም በየጠዋቱ 55 ጊዜ «አለኝ፣ አመሰግናለሁ» ስትዪ ልብሽ ትንሽ ያርፋል። ከዚያ ተነስተሽ ወደ ሥራ ትሄጃለሽ። ማታ ደክሞሽ ትመለሻለሽ። ጨርቁ ሳይቆረጥ ያድራል። ዓመቱ እንዲህ ነው ያለፈው። ስንፍና አይደለም፤ በየቀኑ የሕልም እንጀራ እየበላሽ ስለወጣሽ ረሃቡ አልተሰማሽም።

የሚደጋገመው ቃልም ለሁሉም አይበጅም። ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጥናት አለ። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ይበልጥ ከፋቸው። ልባቸው «የታባሽ፣ ማን ወደደሽ?» እያለ ይመልስላቸዋል። ድጋፍ በሚያስፈልገው ሰው ላይ መጥፎ የሚሠራ መድኃኒት ማለት ነው። በገንዘብ በኩል ደግሞ በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ያሳተሙት አለ። በመሳብ ሕግ አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች ራሳቸውን ስኬታማ አድርገው ያያሉ። ነገር ግን አደገኛ ቦታ ገንዘብ ማፍሰስ ይስባቸዋል፤ የከሰሩበት ታሪክም ይበዛል። ይህን የምነግርሽ ገንዘብ ያዥ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም። «ካመንሽ በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። ጥርጣሬሽን እንደ ኃጢአት ያስቆጠረ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቅሽ ቁጠባሽን ነው። ጥርጣሬሽን አትጣዪው፤ ሒሳብሽን ይጠብቅልሻል።

ታዲያ ተስፋ ከንቱ ነው? አይደለም፣ በፍጹም። በ1989 ማይክል ሻየርና ቻርልስ ካርቨር ከባልደረቦቻቸው ጋር የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 51 ወንዶችን ተከታትለው ነበር። ተስፈኞቹ ቶሎ ከአልጋ ቀና አሉ፤ ቶሎ ክፍሉ ውስጥ መራመድ ጀመሩ። ተስፋ ያለው ሰው ነገ እንደሚሻለው ስለሚያምን ዛሬ የታዘዘውን ያደርጋል። በምኞትና በተስፋ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ነው ያለው። ምኞት ውጤቱን ያያል። ተስፋ እስከዚያ ያለውን መንገድም ያያል፤ እንቅፋቱንም ጭምር።

በሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር በ1999 ይህንን በተማሪዎች ላይ አሳይተውታል። ከፈተናው ሳምንት ቀደም ብሎ አንዱ ቡድን በየቀኑ ጥሩ ውጤት ሲያገኝ ራሱን እንዲያይ ተደረገ። ሌላው ሲያጠና፣ መጽሐፍ ሲገልጥ፣ ቴሌቪዥን ሲያጠፋ ራሱን እንዲያይ ተደረገ። የተሻለ ያጠናውም የተሻለ ያመጣውም ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ምናብሽን አትጣዪው፤ ቦታውን አዛውሪው። ስፌት ቤቱን ከነመስታወቱ ማየት ትተሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሜትሩን አንገትሽ ላይ አድርገሽ የጎረቤትሽን ልጅ ስትለኪ ራስሽን እዪ።

ሐይቁ ዳር ጠዋት ስሄድ የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችን ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ደንገሉ ታጭዶ ደርቋል። ሰውየው እየጎነጎነ፣ በጉልበቱ እየተጫነ ይጠፍረዋል። ገመዱን ሲስብ ክንዱ ይወጠራል፤ ጥርሱን ይነክሳል። አንድ ቀን አጠገቡ የቆመ ልጅ «ውሃ አይገባውም?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ሳይዞር «ይጠጣል እንጂ! እሱማ ይጠጣል» አለው። ታንኳው ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣዋል፤ አቁሞ ያደርቀዋል። ሲያረጅም ሌላ ይሠራል። ውሃ አይነካውም ብሎ የሠራው ቢሆን ኖሮ ከዳር አይርቅም ነበር።

አንቺም እንደሱ አድርጊ። ምኞትሽን በአንድ መስመር ጻፊ። ቢሳካ ምን እንደሚሰማሽ ትንሽ ቆይተሽ አስቢ፤ ደስ ይበልሽ። ከዚያ ግን «ከውስጤ የሚይዘኝ ምንድን ነው?» በይ። ከውስጤ ነው ያልኩት። ኪራይ ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ነገ ኪራዩ ቢቀንስ ትጀምሪያለሽ? ስገምት አንድ ነገር ይታየኛል፤ ከተሳሳትኩ ተዪው። ለዘመድና ለጎረቤት ስትሰፊ ዋጋ መጠየቅ ያሳፍርሻል። ብዙ እጀ ወርቅ ሴቶች እዚህ ላይ ነው የሚቀሩት። ክሩም ከእነሱ፣ ድካሙም ከእነሱ፣ ምርቃቱ ብቻ ይተርፋቸዋል።

እንቅፋቱን ካገኘሽው በኋላ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ቃል እሰሪው። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን በ2006 በዚህ ላይ የተሠሩ 94 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ይህች ትንሽ አረፍተ ነገር ሰዎች ያሰቡትን ወደ ማድረግ በደንብ እንደምትገፋ አገኙ። ከደፈናው «እጥራለሁ» ትበልጣለች። ላንቺ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አክስቴ ‹ቀሚስ ስፊልኝ› ስትለኝ፣ ‹እሺ አክስቴ፣ ጨርቁንና ቀብዱን ይዘሽ ነይ› እላለሁ።» ጮክ ብለሽ በዪው። አፍሽ ይልመደው። 55 ጊዜ ግን አይደለም፤ ሁለት ሦስቴ ይበቃል።

ለገንዘቡ እቁብ አለልሽ። ደመወዝሽ በገባ ቀን የምትጥዪበት፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ያለ ትንሽ እቁብ። እቁብ የሚሠራው አንቺ ስለጠነከርሽ አይደለም፤ የእቁቡ ዳኛ ስለሚደውልልሽና ሌሎቹ ስለሚጠብቁሽ ነው። ሲወጣልሽ ሱቅ አትከራዪ። ያገለገለ ሲንጀር ግዢና ቤት ውስጥ አስቀምጪው። ሱሪ አሳጥሪ፣ ዚፕ ቀይሪ። ነሐሴ ሲገባ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለ፤ ወላጅ ሁሉ ልብስ ሰፊ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። አንድ የዩኒፎርም ወቅት ብትሠሪ ስንት ሰው ተመልሶ እንደመጣ፣ ስንት እንደተረፈሽ ታውቂያለሽ። ሒሳብ የምታውቂ ሰው ነሽ፤ ከዚያ በኋላ ሱቁን ራስሽ ትወስኛለሽ። ሥራሽን ያኔም ቶሎ አትልቀቂ።

ጸሎትን ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅዪብኝ። የምጽፍልሽ እንደ ባለሙያ ነው፤ የነፍስሽን ጉዳይ የንስሐ አባትሽ ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» የሚለው ሰው ልቡ ያርፋል፤ ሁሉም ነገር በእጁ እንዳልሆነ ያምናል። ሙስሊም ጎረቤትሽም «አላህ ካለ» ሲል ይህንኑ ነው የሚለው። የመሳብ ሕግ ግን የዓለሙን ሁሉ ሸክም አንቺ ራስ ላይ ነው የሚጭነው። እንቅልፍ የነሳሽም እሱ ነው።

ለጓደኛሽ ምን ትያታለሽ? አትጣያት። የላከችልሽ ስለምትወድሽ ነው። «እኔን አልተስማማኝም፣ ትቼዋለሁ» በያት። «ጥርጣሬሽ ነው» ካለችሽ፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽልኝን ንገሪያት። ከልቧ የምትወድሽ ከሆነች ያን ስትሰማ ዝም ትላለች፤ ታቅፍሻለች።

አሁን ደግሞ እማዬ። መድኃኒቷ መቋረጥ የለበትም፤ አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ዳግመኛ የመመታት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ኪኒኑን የምትወስድበትን ሰዓት ከማትረሳው ነገር ጋር እሰሪላት፤ የጠዋት ቡናዋ ሊሆን ይችላል። ሐኪሟን ስለ ፊዚዮቴራፒ ጠይቂ። ከስትሮክ በኋላ መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላም አይቆምም። አንጎል የሚማረው በድግግሞሽ ነው። እዚህ ላይ 55 ጊዜ ብትይ አልቃወምሽም። ሰፌድ ላይ ሽምብራ አፍስሽላትና በቀኝ እጇ አንድ አንድ እያለች ወደ ስኒ ትልቀም። መጀመሪያ ሦስት ፍሬ ወድቆ አንድ ይገባል። ትበሳጫለች፤ «ተይኝ ልጄ» ትልሻለች። ትንሽ አርፋችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። አጠገቧ ተቀመጪና አንቺም ጨርቅሽን ቁረጪ።

ግፊቷንም አስለኪ። በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ይለካል። 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ሐኪሟ ያስቀመጠላት ቁጥር ካለ ደግሞ እሱን ተከተሉ። ያ 55 ጊዜ የምትጽፊበት ደብተርሽ ገና ባዶ ገጽ ይኖረዋል። ቀኑን ጻፊ፣ ላይኛውን ቁጥር፣ ታችኛውን ቁጥር። ለቀጠሮ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።